ከመጀመሪያው ግጭት በፊት፦ የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ውድድርና የ1887ቱ የወላይታ ዘመቻ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በጥቃቅን የጦር ምስሎች የሚካሄድ የጠረጴዛ ላይ ውድድር ለታሪክ ትምህርት እንዴት ሊውል እንደሚችል ይመረምራል። ለማሳያነት የተመረጠው ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ ያካሄዱት ዘመቻ ነው። የውድድር ሕግ ተጋጣሚዎችን እኩል ለማድረግ ሲል የዘመቻውን ውጤት የወሰኑትን ነገሮች ከጠረጴዛው እንደሚያስወግድ ጽሑፉ ያሳያል። መፍትሔውን የሚፈልገው ከሁለት ምንጮች ነው። አንደኛው የቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ «ወረራ» የተባለ መክፈቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው በብሪጅ የካርታ ጨዋታ የሚሠራበት የአንድ ዓይነት ድልድል ዘዴ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የጦርነት ጨዋታ፣ ውድድር፣ ሰንጠረዥ፣ ወረራ፣ ወላይታ፣ ካዎ ጦና

መነሻ

የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ሁለት የትውልድ ሐረጎች አሉት። የመጀመሪያው ወታደራዊ ነው። በፕሩሲያ ፎን ራይስቪትስ የተባሉ አባትና ልጅ አዘጋጅተውታል፤ አባትየው እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ አቀረበው፣ ልጁ ደግሞ አሻሽሎ በ1824 ለጦር አዛዦች አሳየው። ጨዋታው በካርታ ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ መኮንኖች ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ለዳኛ ይሰጡ ነበር። ዳኛው ምን እንደታየና ምን እንደተሰወረ፣ ማን እንደደረሰና ማን እንደዘገየ ይወስናል። ሁለቱ ወገኖች እኩል እንዲሆኑ የሚጠይቅ ሕግ አልነበረም፤ መኮንኑ በትንሽ ኃይል ድልድይ የመጠበቅን ተልእኮ ሊቀበል ይችላል፤ የሚፈተነውም በዚያው ነው።

ሁለተኛው ሐረግ የመዝናኛ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች ለሚካሄድ ጨዋታ የሕግ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርተ ዓመታት ጨዋታው በእንግሊዝና በአሜሪካ ማኅበራት አፍርቶ ወደ ውድድር አደገ። ዛሬ በዓለም በስፋት ከሚታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ዋርሀመር 40,000 ሲሆን፣ ይዘቱ ልብ ወለድ ነው። ለጥንታዊ ጦርነቶች ከተዘጋጁት መካከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመውና እያንዳንዱን ሠራዊት በ12 ክፍሎች ብቻ የሚወክለው ዴ ቤሊስ አንቲኳታቲስ ይጠቀሳል።

በታሪክ ትምህርት ክፍል የጦርነት ጨዋታ ለማዘጋጀት የሚያስብ መምህር በአብዛኛው የሚሳበው በሁለተኛው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውድድር ተማሪ ይሰበስባል። የስፖርት ፉክክር የታሪክን ስም ሕያው አድርጎ እንደሚያቆይ ለማየት ከሶዶ መራቅ አያስፈልግም፤ የወላይታ ድቻ እግር ኳስ ቡድን «የጦና ንቦች» እየተባለ ይጠራል፤ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2018 የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ባሰናበተ ጊዜ የካዎ ጦና ስም ታሪክ አንብበው በማያውቁ ሰዎች አፍ ሳይቀር ገብቷል። ጥያቄው ውድድር ያስፈልጋል ወይ ሳይሆን፣ የውድድሩ ሕግ ስለ ጦርነቱ ምን ያስተምራል የሚለው ነው።

የእኩልነት ሕግ

በዋርሀመር 40,000 ውድድር ተሳታፊው የሚቀርበው አስቀድሞ ካጠናቀረው የሠራዊት ዝርዝር ጋር ነው። እያንዳንዱ እግረኛ፣ ፈረሰኛ ወይም መሣሪያ ዋጋው በነጥብ ተተምኗል፤ በአብዛኞቹ ትልልቅ ውድድሮች የአንድ ሠራዊት ጣሪያ 2,000 ነጥብ ነው። ጨዋታው በ5 ዙር ያበቃል፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚፈቀደውን ጊዜ ለመቆጣጠር በብዙ ቦታ የቼዝ ሰዓት ይቀመጣል። ከሚገኙት 100 ነጥቦች 10ሩ የሚሰጡት ምስሎቹን በሙሉ ቀለም ቀብቶ ለቀረበ ተወዳዳሪ ነው። የተወዳዳሪዎች ድልድል በስዊስ ሥርዓት ይከናወናል። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1895 በዙሪክ የቼዝ ውድድር ላይ የተጀመረ ሲሆን፣ ማንም ሳይሰናበት በየዙሩ ተቀራራቢ ውጤት ያላቸውን ያጋጥማል፤ አቻ ውጤት ከሌለ 16 ተወዳዳሪዎች በ4 ዙር ያልተሸነፈ አንድ ሰው ይቀራቸዋል።

የዚህ ሁሉ መሠረት እኩልነት ነው። ሁለት ሰዎች እኩል አቅም ይዘው ካልተቀመጡ ማን እንደበለጠ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የነጥብ ዝርዝሩ የውድድር ፍትሕ ነው፤ ፍትሕነቱን ማጣጣል ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ጠመንጃው እንዴት እንደተገዛ፣ ስንቁ ከየት እንደመጣ፣ ጎረቤት ለምን ከጠላት ጋር እንደተሰለፈ፣ ይህ ሁሉ በ2,000 ነጥብ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጠፋል። ተጫዋቹ ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርስ ሠራዊቶቹ ተሰልፈዋል፣ ርቀታቸው ተለክቷል፣ ማን እንደሚቀድም የሚወስነው ዳይስ ተጥሏል። ጦርነት ማለት ከመጀመሪያው ግጭት በኋላ ያለው ብቻ ይሆናል።

1887፦ ያልተመጣጠነው ዘመቻ

የወላይታ መንግሥት በኦሞና በብላቴ ወንዞች መካከል፣ በዳሞታ ተራራ ዙሪያ የተደራጀ ነበር። የመጨረሻው ነጻ ገዥ ካዎ ጦና ጋጋ ናቸው። ከ1887 ዓ.ም. በፊት ወደ ወላይታ የተላኩ ጦሮች አገሩን ሊያስገብሩ አልቻሉም፤ ተከላካዮቹ ቦታውን ያውቁታል፣ ፈረሰኞች አሏቸው፣ ጥልቅ የመከላከያ ቦዮችም ቆፍረዋል። በመጨረሻ ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱ። በ1887 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 መገባደጃ፣ የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋር ሳይቀሩ የተካፈሉበት ታላቅ ሠራዊት ወላይታ ገባ። ውጊያው ከባድ ነበር፤ በዘመኑ ከተካሄዱት የማስፋፋት ዘመቻዎች እጅግ ደም ካፈሰሱት መካከል ይቆጠራል። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ፈረንሳዊው ነጋዴ ጋስቶን ቫንደርሄይም ሠራዊቱን ተከትሎ ሄዶ ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ አሳትሟል። ጽሑፉ የአጥቂውን ወገን ተከትሎ የተጓዘ የውጭ አገር ሰው ምስክርነት መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ሕዝቡንም ዛሬ ባለቤቱ በማይቀበለው የቀድሞ ስያሜ ይጠራዋል። ይሁንና ከዐይን ምስክሮች የተገኘ ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ተመራማሪ ሊያልፈው አይችልም።

ይህን ዘመቻ በነጥብ ዝርዝር ወደ ጠረጴዛ ለማምጣት የሚሞክር ሰው ወዲያው ችግር ይገጥመዋል። እኩል 2,000 ነጥብ ቢሰጥ የወላይታ ተጫዋች ጦርና ጋሻ የያዙ እጅግ ብዙ ሰዎች ይደርሱታል፤ የምኒልክ ተጫዋች ደግሞ ጥቂት ጠመንጃ ያዦች። ጨዋታው አስደሳች ሊሆን ይችላል፤ ግን 1887 አይደለም። በእውነታው ምኒልክ የጠመንጃም የሰውም ብልጫ ነበራቸው። ይህን ብልጫ ያስገኙት ምክንያቶች ከውጊያው ሜዳ ርቀው የሚገኙ ናቸው፦ በባሕር ጠረፍ በኩል ለዓመታት የቀጠለው የመሣሪያ ንግድ፣ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የተደረጉ ውሎች፣ አስቀድመው የገበሩ አገሮች ያዋጡት ጦርና ስንቅ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የዘለቀው ክፉ ቀንም አለ፤ የከብት በሽታ የሰሜንና የመካከለኛው አገር ከብት ጨርሶ ስለነበር፣ ዘመቻውን ከብት ከመፈለግ ጋር የሚያያይዙት የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

ስለዚህ የ1887 ወሳኝ ክንዋኔ የሚገኘው ውድድሩ ቆርጦ በጣለው ክፍል ውስጥ ነው።

ሰንጠረዥና ወረራ

ከግጭት በፊት ያለውን ጊዜ የጨዋታው አካል ያደረገ ሥርዓት በአገር ውስጥ ነበር። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን ድረስ በመኳንንት ቤት ይጫወቱት የነበረ የቼዝ ዘመድ ነው። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ 64ቱ ቤቶች በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ ይለያሉ። በየወገኑ 16 ጠጠሮች አሉ፤ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ከዛሬዋ የቼዝ ንግሥት ኃይል ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። እስካሁን ያለው ከጥንቱ የፋርስና የዐረብ ሻጥራንጅ ብዙም አይለይም።

ልዩ የሚያደርገው መክፈቻው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ሕጉን በዝርዝር ጽፏል፤ በኋላም ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ጨዋታው ታሪክ ሰፊ ጥናት አቅርበዋል። በእነዚህ ገለጻዎች መሠረት ሁለቱ ተጫዋቾች ጨዋታውን የሚጀምሩት ተራ ሳይጠብቁ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እንዳሻቸው፣ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ የሠራውን አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ይህ ወረራ ይባላል። የሚያበቃው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተራ በተራ ይሆናል። ተመልካቹም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል።

የመክፈቻው ባሕርይ በቂ ትኩረት አላገኘም። ብዙ ጊዜ እንደ አስገራሚ ልማድ ተጠቅሶ ይታለፋል እንጂ እንደ የጦርነት ሞዴል አይታይም። ጠጠሩ እኩል ነው፤ ዝግጅቱ ግን እኩል መሆን የለበትም። ፈጣን ዐይንና እጅ ያለው፣ የተቃዋሚውን ሐሳብ ቀድሞ የተረዳ፣ መቼ እንደሚመታ የመረጠ ተጫዋች ወረራው ሲያበቃ በተሻለ ሁኔታ ላይ ይገኛል። የመጀመሪያውን ጠጠር የመብላት ውሳኔ ራሱ የመሰባሰብን ጊዜ የመዝጋት ውሳኔ ነው። ክተት ከተባለበት ቀን እስከ መጀመሪያው ተኩስ ያለውን ጊዜ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ የሰሌዳ ጨዋታ ማግኘት ያስቸግራል።

ለውድድር ግን ወረራ አስቸጋሪ ነው። ሁለት እጆች በአንድ ሰሌዳ ላይ በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ክርክር ይነሣል፤ ማን ቀደመ የሚለውን ዳኛ ካላየው ማስረጃ የለም። እጁ የሚዘገይ ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ተወዳዳሪም ያለ አግባብ ይጎዳል። አንዱ አማራጭ እ.ኤ.አ. በ1959 እንደወጣው ዲፕሎማሲ የተባለ ጨዋታ ትእዛዝን በጽሑፍ አሰባስቦ በአንድ ጊዜ መግለጥ ነው። ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን የወረራን ዋና ነገር፣ ተቃዋሚን እያዩ መለወጥን፣ ያሳጣል። የተሻለው ሁለቱን ማጣመር ይመስላል፦ የዝግጅቱን ጊዜ በደወል በአጫጭር ክፍሎች ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ትእዛዙን በስውር አስጽፎ፣ ከደወሉ በኋላ ገልጦ፣ በሚቀጥለው ክፍል እንዲለውጡ መፍቀድ። በየትኛውም ክፍል አንዱ «ምት» ብሎ ከጻፈ ዝግጅቱ በዚያው ያበቃል።

በ1887ቱ ጠረጴዛ ላይ በእነዚህ ክፍሎች የሚሠራው ሥራ ጠጠር ማሰለፍ ብቻ አይሆንም። የወላይታ ተጫዋች ቦይ ያስቆፍራል፣ ፈረሰኛ ይሰበስባል፣ በዱቡሻ የሚመከርበትን ጊዜ ከሌላው ሥራ ላይ ይቆርጣል፣ ሕዝቡንና ከብቱን ከአጥቂው መንገድ ያርቃል። የምኒልክ ተጫዋች ከየአገሩ የሚመጡትን ጦሮች ይጠብቃል ወይም ሳይሟሉ ይነሣል፤ በጠበቀ ቁጥር ስንቁ ያልቃል፣ ቦዩም ይጠልቃል። በዚህ አሠራር ሁለቱም ወገኖች ምርጫ አላቸው፤ ምርጫቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

አንድ ዓይነት ድልድል

እኩልነት ከሠራዊቱ ላይ ከተነሣ የት ይቀመጥ? ብሪጅ በተባለው የካርታ ጨዋታ ለዚህ የሚጠቅም የቆየ ዘዴ አለ። በውድድሩ በአንድ ጠረጴዛ የተደለደለው ካርታ ሳይበተን ወደ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ይተላለፋል። መጥፎ ካርታ የደረሰው ተጫዋች ጥሩ ካርታ ከደረሰው ጋር አይወዳደርም፤ የሚነጻጸረው በሌላ ጠረጴዛ ያንኑ መጥፎ ካርታ ከያዘው ጋር ነው። የዕድል ልዩነት እንዳለ ይቆያል፣ ችሎታ ግን ይለካል።

ይህ ለ1887 በቀጥታ ይሠራል። ስምንት ጠረጴዛ ቢዘረጋ በስምንቱም ላይ ያለው ሁኔታ አንድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ወላይታን የያዙት ስምንት ተወዳዳሪዎች እርስ በርሳቸው ብቻ ይነጻጸራሉ፣ የምኒልክን ጦር የያዙትም እንዲሁ። በሁለተኛው ዙር ሁሉም ወገን ይለዋወጣሉ። ወላይታን ይዞ የተሸነፈ ተወዳዳሪ ከሌሎቹ ሰባት የተሻለ ተሸንፎ ከሆነ የዙሩ አሸናፊ ይሆናል። የተሻለ ሽንፈት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የነጥብ ሕጉ ማስቀመጥ አለበት፤ አጥቂውን ስንት ዙር አዘገየ፣ ስንት ሰው ከአደጋው አራቀ፣ ካዎው በእጁ ናቸው ወይስ ተማርከዋል።

ዘዴው የዋጋንም ጉዳይ ያቀልላል። በውጭ አገር ተወዳዳሪ የራሱን ምስሎች ገዝቶና ቀብቶ ይመጣል፤ ከ100 ነጥብ 10ሩን ለቀለም መስጠት ገንዘብና ትርፍ ጊዜ ላለው ማድላት ነው። በአንድ ዓይነት ድልድል ግን ምስሎቹ የጠረጴዛው ናቸው፤ ተወዳዳሪው ባዶ እጁን ይመጣል። ከውጭ የሚገባ ፕላስቲክም አያስፈልግም። በወላይታ ቺናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች ፈረስና እግረኛ ከጭቃ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሙያቸው ለዘመናት ተፈላጊ፣ እነሱ ግን የተገለሉ ሆነው እንደኖሩ የሚያውቅ አዘጋጅ የሠሪዎቹን ስም በውድድሩ መዝገብ ላይ ቢያሰፍር አይበዛም።

ቀሪው ሸክም የዳኞች ነው። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ዳኛ ያስፈልጋል፤ ስምንቱም ሕጉን በአንድ ዓይነት ካልተረጎሙ ንጽጽሩ ይፈርሳል። ከሁሉ በላይ ሥልጠና የሚፈልገው ይህ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከዘመቻው ጋር የተያያዙ ጽሑፎችን አንብበው ዳኛ ቢሆኑ፣ ከተጫዋቾቹ ይልቅ እነሱ ይበልጥ ሳይማሩ አይቀሩም።

ምርኮኛው በነጥብ መዝገብ ላይ

ከዚህ በላይ የተነሡት ጉዳዮች በጥሩ ሕግ ይፈታሉ። አንዱ ግን በሕግ ብቻ አይፈታም። ዘመቻው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ከብትና ሰው ተማርኮ የተነዳበት ነበር፤ ከተማረኩት ሰዎች ለባርነት የተዳረጉ አሉ። ውድድሩ የሚካሄደው በሶዶ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሌላው ወንበር የሚቀመጠውም የዘማቹ ዘር ሊሆን ይችላል። ወንበር መለዋወጡ ለሁለቱም ቀላል አይደለም።

የተለመደው የውድድር ሕግ ይህን ከምንም ሳይቆጥር ያልፋል። ለአጥቂው ለእያንዳንዱ ምርኮ ነጥብ ይሰጣል። ይህ በታሪክ አንጻር ትክክለኛ ማበረታቻ ነው፤ ዘማቹ ከድሉ ድርሻ ይጠብቅ ነበርና። በትምህርት አንጻር ግን ተማሪን ሰው በማርኮ እንዲደሰት ማለማመድ ነው። ተቃራኒው አማራጭ ምርኮን ከጠረጴዛው ፈጽሞ ማንሣት ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ዘመቻውን የጀግኖች ግጥሚያ ብቻ ያደርገዋል። በዌልስ ዘመን የአሻንጉሊት ጦርነት ተቀባይነት ያገኘው ማንም ስለማይሞትበት ነበር፤ የሞተና የተነዳ ሰው ያለበትን ዘመቻ የሚያሳይ ጨዋታ ግን በዚህ ሊከለል አይችልም።

ከሁለቱ መካከል የሚቆም ሦስተኛ አሠራር አለ። የተማረከው ሰው በወላይታ ተጫዋች መዝገብ ላይ እንደ ጉዳት ይጻፋል፤ በአጥቂው መዝገብ ላይ ግን ነጥብ አይሆንም። ከብቱ ለአጥቂው ስንቅ ሆኖ ይቆጠራል፤ ያለ ስንቅ ሠራዊቱ አይቆምምና። አጥቂው ሰው መማረኩ የሚጠቅመው ነገር ከሌለ ለምን ይማርካል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በዚህ አሠራር የሚማረከው ሰው ብዛት ለተጫዋቹ ፈቃድ አይተውም፤ አጥቂው በገባበት ቀበሌ ሁሉ፣ ከአደጋው ያልራቀ ሕዝብ በዳኛው እጅ ከጠረጴዛው ይነሣል። የምኒልክን ጦር የያዘው ተጫዋች ባይፈልገውም ሠራዊቱ ያደርገዋል። ከጠረጴዛው የተነሡት የሸክላ ምስሎች ወደ ሣጥን አይመለሱም፤ ዙሩ እስኪያልቅ፣ ከዚያም ወንበር ተለዋውጠው ሁለተኛው ዙር እስኪያልቅ ድረስ፣ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች በሚያዩት የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይቆያሉ፤ ዳኛውም ቁጥራቸውን በሁለቱም መዝገብ ላይ፣ ነጥብ በሌለው ዓምድ ሥር ይጽፋል።